የመረጃ ማቀናጃ ሥራ ሲቋረጥ፦ የዳታቤዝ ግንኙነትና የመረጃ ዓይነት ስህተቶችን ለይቶ ስለ ማረም

በደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከምንጃር የጤፍና የሽምብራ፣ ከሞረትና ጅሩ የስንዴና የምስር፣ ከመንዝ የበግ መረጃ በየሳምንቱ ይሰበስባል እንበል። አንዱ ወረዳ በኤክሴል ይልካል፤ ሌላው በማይኤስኪውኤል የተሠራ አነስተኛ ፕሮግራም አለው፤ የማዕከሉ ዳታቤዝ ደግሞ ኦራክል ወይም ፖስትግሬስ ነው። እነዚህን ምንጮች እያነበበ፣ እያስተካከለና ወደ ማዕከሉ ሠንጠረዥ እየጫነ ሌሊት ሌሊት የሚሠራው ፕሮግራም የመረጃ ማቀናጃ ሥራ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ጆብ ይባላል። ጠዋት ቢሮ ሲገባ ጆቡ ተቋርጦ ከተገኘ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ጆቡ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻለም፣ ወይ ተገናኝቶ ያቀረበውን ዋጋ፣ ማለትም በዓምዱ ሊገባ የመጣውን ቁጥር፣ ጽሑፍ ወይም ቀን፣ ዓምዱ ሊቀበለው አልቻለም።

ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። የግንኙነት ስህተት ከመረጃው ጋር ጉዳይ የለውም፤ ኔትወርኩን፣ ሰርቨሩን፣ የይለፍ ቃሉን የሚመለከት ስለሆነ አንዳንዴ ጆቡን እንደገና በማስጀመር ብቻ ይፈታል። የመረጃ ዓይነት ስህተት ግን መቶ ጊዜ ቢሞከርም ያው ረድፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ስለዚህ ጆቡ በወደቀ ቁጥር በራሱ እንዲደግም ማዘዝ ለመጀመሪያው ወገን መድኃኒት ሲሆን፣ ለሁለተኛው ጊዜ ማባከን ነው። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ድግግሞሹ ራሱ ጉዳት ያመጣል፦ ኦራክል አስቀድሞ በተቀመጠለት ደንብ መሠረት አሥር ጊዜ በተከታታይ የተሳሳተ የይለፍ ቃል የቀረበበትን አካውንት ስለሚቆልፍ፣ ያንኑ አካውንት የሚጠቀሙ ሌሎች ሥራዎችም አብረው ይቆማሉ።

ስህተቱ የትኛው ወገን እንደሆነ የሚናገረው ሎጉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ጽሑፍ ነው። እንደ ታለንድና ፔንታሆ ያሉ፣ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ የመረጃ ማቀናጃ መሣሪያዎች ስህተት ሲገጥማቸው ረጅም ጽሑፍ ይደረድራሉ፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ መፍትሔ ፍለጋ ይሄዳል። የመጀመሪያው መስመር ግን በአብዛኛው መሣሪያው በራሱ አነጋገር የሰጠው ጥቅል መግለጫ ነው። ዳታቤዙ ራሱ የተናገረው ቃል «የዚህ መነሻ» (Caused by) ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ፣ በተለይም ከእነዚህ ሐረጎች በመጨረሻው ሥር ይገኛል። እስከዚያ ድረስ ወርዶ ማንበብና የስህተቱን ቁጥር መያዝ ከየትኛውም ግምት ይበልጣል።

ግንኙነቱ ሲከለከል

ግንኙነት የሚመሠረተው ደረጃ በደረጃ ነው። የሰርቨሩ ስም ወደ ኔትወርክ አድራሻ ይፈታል፤ ጆቡ በአድራሻው ላይ ያለውን ፖርት፣ ማለትም በቁጥር የሚታወቀውን የፕሮግራሙን መግቢያ በር ይጠይቃል፤ በፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይቀርባል፤ በመጨረሻም የተጠየቀው ዳታቤዝ መኖሩና ለተጠቃሚው መፈቀዱ ይታያል። ምርመራውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢከተል ይመረጣል፤ ምክንያቱም የቀደሙት ደረጃዎች ሳይታለፉ የይለፍ ቃል መቀያየር ምንም አይፈይድም።

እዚህ ላይ ሁለት መልእክቶች አብዝተው ይምታታሉ፤ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» (connection refused) የሚለውና «የጥበቃው ጊዜ አልቋል» (timed out) የሚለው። የመጀመሪያው በር አንኳኩቶ «እዚህ የለም» የሚል ድምፅ እንደ መስማት ነው፤ ሁለተኛው አንኳኩቶ ምንም ድምፅ ሳይሰሙ መቆም። ክልከላ ማለት ኮምፒውተሩ ተገኝቷል፣ ኔትወርኩም ይሠራል፣ ነገር ግን በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም ማለት ነው። ዳታቤዙ አልተነሣ ይሆናል፤ የመብራት መቋረጥ ባለበት አካባቢ ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሣ የዳታቤዙ አገልግሎት በራሱ እንዲነሣ አልተደረገ ይሆናል፤ ወይም ፖርቱ ተሳስቷል። የተለመዱት ፖርቶች ለማይኤስኪውኤል 3306፣ ለፖስትግሬስ 5432፣ ለኤስኪውኤል ሰርቨር 1433፣ ለኦራክል 1521 ናቸው። ፖስትግሬስ ደግሞ ሲጫን የሚያዳምጠው ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣውን ጥሪ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ሰርቨር ላይ ክልከላ ሲታይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የማዳመጫ አድራሻው ነው። የጊዜ ማለቅ ግን በአብዛኛው በመሀል ያለ ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርኩ ጥበቃ፣ ጥያቄውን ሳይመልስ እንደጣለው፣ አለዚያም አድራሻው ስህተት እንደሆነ ይጠቁማል፤ ይህን የሚፈታው የኔትወርክ ባለሙያው ነው እንጂ የዳታቤዙ አስተዳዳሪ አይደለም።

ፖርቱ ክፍት መሆኑን በቴልኔት ወይም በመሳሰለው ቀላል ትእዛዝ መሞከር ይቻላል። ነገር ግን ሙከራው መደረግ ያለበት ጆቡ ከሚሮጥበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ባለሙያው ከራሱ ላፕቶፕ ሞክሮ «እኔ ዘንድ ይሠራል» ማለቱ ጆቡ ከሚሮጥበት ሰርቨር መንገዱ ክፍት ስለ መሆኑ ምንም ማስረጃ አይሆንም። እንዲሁም ጆቡ በዶከር ኮንቴይነር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ራሱን ችሎ በተከለለ ክፍል ውስጥ የሚሮጥ ከሆነ፣ «ሎካልሆስት» ወይም 127.0.0.1 የሚለው አድራሻ የሚያመለክተው ኮንቴይነሩን ራሱን እንጂ የተጫነበትን ኮምፒውተር አይደለም፤ አንድ ቀን ሙሉ ሲፈለጉ የሚውሉ ብዙ ችግሮች መነሻቸው ይህ ነው።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ማንነት ይጠየቃል። ማይኤስኪውኤል አንድን ተጠቃሚ የሚያውቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን ከመጣበት ኮምፒውተር ጋር አያይዞ ነው፤ ስለዚህ ስሙና የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆነው ሳለ ጆቡ ወደ ሌላ ሰርቨር ስለተዛወረ ብቻ ሊከለከል ይችላል። ስህተት 1130 ከመጣ ከዚያ ኮምፒውተር ለመግባት ጭራሹኑ ለማንም አልተፈቀደም፤ 1045 ከመጣ ደግሞ የቀረበው ስም፣ የይለፍ ቃል ወይም የሁለቱ ከኮምፒውተሩ ጋር ያለው ጥምረት አልተስማማም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ለመገናኘት ለጠየቀው ፕሮግራም 18456 የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ ይህንም የሚያደርገው ሰርጎ ገቦች ከመልእክቱ ፍንጭ እንዳያገኙ ነው። ትክክለኛው ምክንያት የሚገኘው በሰርቨሩ በራሱ ሎግ ውስጥ «ሁኔታ» (State) ተብሎ በተጻፈው ቁጥር ነው፦ 5 ከሆነ ተጠቃሚው የለም፣ 8 ከሆነ የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል። በኦራክል 12541 ማለት አዳማጩ የለም፣ 12514 ማለት አዳማጩ አለ ነገር ግን የተጠየቀውን አገልግሎት ስም አያውቀውም፣ 1017 ማለት ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም። ሦስቱን አንድ አድርጎ «ኦራክል አልሠራ አለ» ብሎ ለአስተዳዳሪው ሪፖርት ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራን ወደ ሁለት ቀን ያራዝመዋል።

የይለፍ ቃሉ በግንኙነት አድራሻው ውስጥ የሚጻፍ ከሆነ፣ በውስጡ ያሉ እንደ «@» ወይም «/» ያሉ ምልክቶች የአድራሻው ክፍል ተደርገው ስለሚነበቡ ትክክለኛው የይለፍ ቃል ስህተት ሆኖ ይቀርባል። ድራይቨሩም፣ ማለትም ጆቡን ከዳታቤዙ ጋር የሚያነጋግረው አገናኝ ፕሮግራም፣ ከዳታቤዙ ስሪት ጋር መስማማት አለበት፤ ማይኤስኪውኤል በ8.0 ስሪቱ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘዴውን ስለቀየረ አሮጌ ድራይቨሮች ላይገናኙት ይችላሉ።

ከመጀመሪያውኑ ያልተገናኘ ጆብ ለመመርመር ይቀላል። አስቸጋሪው ተገናኝቶ፣ ሠርቶ፣ በመሀል የሚቋረጠው ነው። ከገጠር ወረዳ የሚመጣ መስመር መቆራረጡ አንዱ ምክንያት ቢሆንም ሁሉንም በኔትወርክ ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ብዙ ጆቦች ሲጀምሩ የምንጩንም የመድረሻውንም ግንኙነት አንድ ላይ ይከፍታሉ፤ ከዚያም ምንጩን አንብበውና አስልተው እስኪጨርሱ የመድረሻው ግንኙነት ሥራ ፈትቶ ይቆያል። በመሀል ያለ ፋየርዎል ሥራ የፈታውን ግንኙነት በዝምታ ይቆርጠዋል፤ ጆቡ መጻፍ ሲጀምር መስመሩ መሞቱን ያኔ ይረዳል። ማይኤስኪውኤል ራሱ ካልተቀየረ በቀር 28800 ሰከንድ፣ ማለትም ስምንት ሰዓት ያለ ሥራ የቆየን ግንኙነት ይዘጋል። መፍትሔው የመድረሻውን ግንኙነት ሊጻፍ ሲል ብቻ መክፈት፣ ወይም መስመሩ ሕያው መሆኑን በየጊዜው የሚያረጋግጥ ቅንብር መጠቀም ነው። ጆቦቹ ሌሊት በአንድ ሰዓት ላይ ተደራርበው የሚነሡ ከሆነ ደግሞ የግንኙነት ኮታው ሊሞላ ይችላል፤ ካልተቀየረ በቀር ፖስትግሬስ 100፣ ማይኤስኪውኤል 151 ግንኙነት ይፈቅዳሉ። ኮታውን ከማሳደግ በፊት የከፈቱትን ሳይዘጉ የሚወጡ ጆቦችን መፈለግ ይቀድማል።

ዋጋው ከዓምዱ ጋር ሳይስማማ ሲቀር

እያንዳንዱ ዓምድ የሚቀበለው የመረጃ ዓይነት አለው፦ ሙሉ ቁጥር፣ አስርዮሽ፣ ጽሑፍ፣ ቀን። ጆቡ ከዚህ ጋር የማይስማማ ዋጋ ሲያቀርብ ዳታቤዙ እምቢ ይላል። እምቢ ማለቱ በጎ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የሚያሳስበው ዳታቤዙ የተሳሳተውን ዋጋ ተቀብሎ ዝም ሲል ነው። የአማርኛ መረጃና የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ለሁለቱም ዓይነት ችግር እጅግ የተጋለጡ ናቸው፤ ከውጭ የመጡ መመሪያዎች ይህን ስለማይነኩት ሰፋ አድርጎ ማየቱ ተገቢ ነው።

በጽሑፉ እንጀምር። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ ማለትም አንድ የማከማቻ መለኪያ ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ኦራክል ደግሞ የጽሑፍ ዓምድ 20 ተብሎ ሲሠራ፣ ተለይቶ ካልተነገረው በቀር 20ውን የሚቆጥረው በባይት ነው። «ደብረ ብርሃን» የሚለው ስም ሰባት ፊደልና አንድ ክፍተት ነው፤ ሰባቱ ፊደላት 21 ባይት፣ ክፍተቱ አንድ ባይት፣ ድምሩ 22 ይሆናል። ዳታቤዙም 12899 በሚል ቁጥር «የቀረበው 22፣ የሚፈቀደው 20» ብሎ ረድፉን ይመልሰዋል። «ባሶና ወራና» 19 ባይት ስለሆነ ያልፋል፤ «አንጎለላና ጠራ» 25 ስለሆነ ይመለሳል። ስምንት ፊደል ብቻ ያለው ስም ሃያ ቦታ ባለው ዓምድ አልበቃም ሲባል ባለሙያው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ጆቡም አንዳንዱን ወረዳ እየተቀበለ አንዳንዱን ስለሚመልስ ጥፋቱ የወረዳው ይመስላል። መፍትሔው ዓምዱ ርዝመቱን በፊደል እንዲቆጥር አድርጎ መሥራት ነው።

ይህ ስህተት ቢያንስ ራሱን ያሳውቃል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የሚደርሰው የከፋ ነው። እዚያ «ቫርቻር» የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት በተለመደው ቅንብር የግዕዝ ፊደልን መያዝ አይችልም፤ የሚይዘው «ኤንቫርቻር» የሚባለው ነው። አንድ ሰው ሳያስተውል በመጀመሪያው ዓይነት ከሠራው «አንኮበር» የሚለው ስም አምስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ጆቡ በሰላም ተጠናቀቀ ይላል፤ የገባው የረድፍ ቁጥርም ልክ ነው። ስሙ ግን ጠፍቷል፤ የጥያቄ ምልክቱ ምን እንደነበረ ከዳታቤዙ መልሶ ማወቅ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ከምንጩ እንደገና መጫን ብቻ ነው። ምንጩ ወዲያው የተሰረዘ የኤክሴል ፋይል ከነበረ የአባላቱ ስም ዝርዝር ጠፋ ማለት ነው። አዲስ ጆብ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ በአማርኛ የተጻፈ ረድፍ ብቻ ጭኖ፣ ከመድረሻው መልሶ አንብቦ ማየት ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ይህን ሙከራ ማንም እንዳይዘልለው አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ቀን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። የዳታቤዝ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ነው። ከወረዳ የመጣ ፋይል ውስጥ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «15/05/2016» ተብሎ፣ ጥር 15 ቀን 2016 ለማለት ተጽፎ ቢመጣ፣ በቀን፣ በወርና በዓመት ቅደም ተከተል የሚያነብ ጆብ ሜይ 15 ቀን 2016 አድርጎ ያለምንም ቅሬታ ያስገባዋል። ትክክለኛው አቻ ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2024 ነው። የስንዴው ርክክብ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ ውስጥ ስህተት ሆኖ የሚታየው እጅግ ጥቂቱ ነው። የ2016 ዓ.ም. 365 ቀናት ሁሉ በዚህ መንገድ ቢቀርቡ ዳታቤዙ እምቢ የሚለው ስድስቱን ብቻ ነው፦ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጥቅምት 30ን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ የጳጉሜን አምስት ቀናትን። የቀሩት 359 ቀናት በጸጥታ ተሳስተው ይገባሉ። ስለዚህ «ወር 13 ልክ አይደለም» የሚል ስህተት የመጣለት ባለሙያ እነዚያን ጥቂት ረድፎች በእጅ አስተካክሎ ካለፈ፣ ዋናውን ጥፋት ሳያየው ቀረ ማለት ነው። ትክክለኛው እርምጃ ሌሊቱን የገባውን ፋይል በሙሉ መመለስ፣ ምንጩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፍ ማረጋገጥና የአቆጣጠር መለወጫውን በጆቡ ውስጥ ማስገባት ነው። የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ ማቆየት ካስፈለገ በተለየ የጽሑፍ ዓምድ ይቀመጥ፤ የቀን ዓምዱ ግን ምንጊዜም አንድ አቆጣጠር ብቻ ይያዝ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በእጅ የተሞላ «3፡00 ሰዓት» ማሽኑ ከሚያውቀው በስድስት ሰዓት ይለያል።

በጃቫ መሣሪያዎች የቀን ቅርጽ ሲጻፍ ወር በትልቁ «ኤም»፣ ደቂቃ በትንሹ «ኤም» እንደሚወከሉም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱ ከተለዋወጡ ስህተት ላይመጣ ይችላል፤ ቀኑ ሁሉ ግን በጃንዋሪ ወር ውስጥ ይወድቃል።

ቁጥር የሚመስል ሁሉ ቁጥር አይደለም። የስልክ ቁጥር በሙሉ ቁጥር ዓምድ ሲገባ መነሻው ዜሮ ይጠፋል፤ በ251 ከተጻፈ ደግሞ አሥራ ሁለት አኀዝ ስለሚሆን ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ከሚይዘው ከ2,147,483,647 በልጦ ይመለሳል። የወረዳ ኮድ፣ የአባልነት ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር የማይደመሩና የማይባዙ ስለሆኑ በጽሑፍ ዓይነት መቀመጥ አለባቸው። በተቃራኒው ገንዘብና ኩንታል የሚደመሩ ናቸውና ትክክለኛ አስርዮሽ ዓይነት ይገባቸዋል፤ «ፍሎት» የሚባለው ዓይነት 0.1ን እንኳ በትክክል መወከል ስለማይችል ብዙ ረድፍ ሲደመር ሳንቲም ይዛነፋል። «1,250.50» ተብሎ በነጠላ ሰረዝ የተጻፈ፣ ከኋላው «ኩ.ል» የተጨመረበት፣ ወይም ከድረ ገጽ ሲገለበጥ የማይታይ ክፍተት የተከተለው ዋጋ ለዓይን ቁጥር ይመስላል፤ ዳታቤዙ ግን ጽሑፍ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ይህ የማይታይ ክፍተት 160 የሚል የራሱ ኮድ ስላለው በተለመደው የክፍተት ማጥፊያ አይጠፋም፤ ለብቻው መተካት አለበት።

ኤክሴል የራሱ ጠባይ አለው። በማይክሮሶፍት ድራይቨር ሲነበብ፣ ካልተቀየረ በቀር ድራይቨሩ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ረድፎች አይቶ የዓምዱን ዓይነት ይገምታል። ስምንቱ ቁጥር ከሆኑና በአርባኛው ረድፍ ላይ «መ/12» የሚል የአባልነት ቁጥር ካለ፣ ያ ዋጋ ባዶ ሆኖ ይነበባል፤ ስህተትም አይታይም። ባዶ ሲባልም ኦራክል ባዶ ጽሑፍንና ዋጋ አልባነትን አንድ አድርጎ ያያል፣ ፖስትግሬስ ግን ይለያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ጆብ ይህን ካላሰበ ባዶ መሆን የሌለበት ዓምድ ላይ ይወድቃል።

ጥፋተኛውን ረድፍ ስለማግኘትና ስለማግለል

ብዙ መሣሪያዎች ለፍጥነት ሲሉ ረድፎችን በሺህ እየጠቀለሉ ስለሚልኩ፣ ዳታቤዙ ሲመልስ የሚመለሰው ጥቅሉ በሙሉ ነው። የትኛው ረድፍ እንደሆነ ካልታወቀ ለምርመራው ሲባል የጥቅሉን መጠን ወደ አንድ ዝቅ ማድረግ፣ ፋይሉ ትልቅ ከሆነም ለሁለት ከፍሎ የወደቀውን ግማሽ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ማጥበብ ይቻላል፤ አንድ ሺህ ረድፍ በአሥር ክፍፍል አንድ ረድፍ ላይ ይደርሳል።

በዚህ ጊዜ የሚመጣ አንድ ፈተና አለ። የዓምዱን ዓይነት ሁሉ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ስህተቱን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ጆቡም በዚያው ሌሊት ያልፋል። እኔ ይህን አልደግፍም፤ ችግሩ ከጆቡ ወደ ሪፖርቱ ተሸጋገረ እንጂ አልተፈታም፤ ለሚቀጥለው ክረምት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው ደግሞ ከሪፖርቱ ነው። ጽሑፍ ዓምድ ቦታው ማረፊያ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ከምንጭ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ እንዳለ በጽሑፍ ወደ ማረፊያው ይግባ፤ ከዚያ ጆቡ እያንዳንዱን ዋጋ ወደ ትክክለኛው ዓይነት ለመለወጥ ይሞክር፤ የተሳካለት ወደ ዋናው ሠንጠረዥ፣ ያልተሳካለት ከነሙሉ ዋጋው፣ ከመጣበት ፋይል ስም፣ ከረድፍ ቁጥሩና ከስህተቱ ምክንያት ጋር ወደ ተመላሾች ሠንጠረዥ ይሂድ። በዚህ አሠራር አንድ የተበላሸ ረድፍ የመርሐቤቴን መረጃ በሙሉ አያስቀርም፤ ጠዋት ለወረዳው ባለሙያ ሲደወልም «ፋይላችሁ አልሠራም» በማለት ፋንታ «አርባኛው ረድፍ ላይ የተጻፈውን ቀን አረጋግጡልን» ማለት ይቻላል።

ጆቡ በመሀል ሲቋረጥ ከየት እንደሚቀጥልም አስቀድሞ ይወሰን። ለእያንዳንዱ ፋይል መለያ ሰጥቶ፣ እንደገና ሲጀመር በዚያ መለያ የገባውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ አለዚያ መስመር በተቆረጠ ቁጥር ግማሹ ረድፍ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

በመጨረሻም በየሌሊቱ ሁለት ቁጥሮች ይነጻጸሩ። ከምንጩ የተነበበው የረድፍ ብዛት ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ከገባውና ወደ ተመላሾች ከሄደው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የኩንታሉ ድምርም እንዲሁ። ለቀን ዓምዱ ደግሞ ትንሹና ትልቁ ቀን በሎጉ ላይ ይጻፍ፦ የዚህ ሳምንት ርክክብ ብሎ በመጣ ፋይል ውስጥ ትንሹ ቀን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ጆቡ በሰላም ተጠናቀቀ ቢልም ፋይሉ ወደ ሪፖርት ሳይደርስ እንዲቆም ይታዘዝ።